ኢላማውም ጥይቱም ከአንድ አፈር

ቅዳሜ ከሰዓት የኔ ጊዜ ነው። ጓሮ ወጥቼ በጎማ ወንጭፍ ገል እሰብራለሁ። የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ ቁራጭ በሲባጎ አንጠለጥላለሁ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ እጎትታለሁ፣ እለቃለሁ። ገሉ ሲፈረካከስ የሳምንቱን ድካም ይዞልኝ ይሄዳል።

በሰው አገር ሸክላ ኢላማ መምታት ትልቅ ስፖርት ነው፤ ኦሊምፒክም ላይ አለ። ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሃን መሳይ ኢላማ በማሽን ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ተኳሹ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ በሚረጭ ጠመንጃ ይሰብረዋል። ጥይቱ ስለሚወደድ አንዳንዶቹ ባዶውን ቀለህ አይጥሉም። ባሩዱንና እርሳሱን ራሳቸው ሞልተው መልሰው ይተኩሱታል። እኛ ሰሜን ሸዋ የጥይት ዋጋ የገባው ሰው ለጨዋታ አያወጣውም። ጥይትን ራስ ሠርቶ መልሶ የመጠቀሙን ሐሳብ ግን ወደድኩት። ወንጭፍ ላይ ለምን አይሠራም?

በፊት የኩሽኔታ ብረት ነበር የምጠቀመው። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ ካለቀ ኩሽኔታ እየፈለቀቀ ይሰጠኛል። እኩል ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግን ሣር ውስጥ ይጠፋል፣ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ነጥሮ ይመለሳል። ልጆች ባሉበት ግቢ ይሄ አይሆንም። የደረቀ ጭቃ ግን ጠንካራ ነገር ሲያገኝ እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ ኳሱን ከጭቃ ልሥራ አልኩ።

ችግሩ አፈራችን ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ዋልካ ይበዛል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መፍትሔውን የነገሩኝ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ እናት ናቸው። የተሰነጠቀ ዕቃ ካላቸው ብዬ ስጠይቃቸው ለምን እንደምፈልገው አጫወትኳቸው። «ልጄ፣ ገል ወቅጠህ ጨምርበት። ጭቃ ብቻውን አይቆምም» አሉኝ። የእኚህን ሴት ዓይነት እውቀት ይዘው ስንቶቹ ሲናቁ እንደኖሩ ሳስብ ያመኛል።

እንዳሉኝ አደረግኩ። የሰበርኩትን ገል በድንጋይ እወቅጣለሁ፣ በአሮጌ ወንፊት እነፋለሁ፣ ከዋልካው ጋር እለውሳለሁ። ትናንት ኢላማ የነበረው ዛሬ ጥይት ይሆናል። መለኪያዬ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ቆርኪውን ሞልቼ በቢላ እልጋለሁ፤ አንድ ቆርኪ አንድ ኳስ ነው። ሲደርቅ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። እንዲህ ተለቅ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። 10 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው መጠን የተድቦለቦለ ደረቅ ጭቃ ግን 1 ግራም ነው። ኳሶቹን ጥላ ውስጥ አደርቃቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከወጡ ውጪያቸው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃሉ።

ትልቁ ቁጠባ ግን ኳሱ ላይ አይደለም፣ መጋረጃው ላይ ነው። ከኢላማው ኋላ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አይታጣም። መወጠር የለበትም። ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ኳሱን ያቅፍና ቁልቁል ይጥለዋል። ከሥር ጆንያ አነጥፋለሁ። የሳትኩት አብዛኛው ሳይሰበር ይገኛል። የፈረሰውን ባልዲ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ እሳት ስላልነካው መልሶ ጭቃ ይሆናል።

ጎማ ላይ አልቆጥብም። ጎሚስታው የሚጥለው የውስጥ ጎማ በነፃ ይገኛል፣ ግን አብዛኛው ቡታይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። አየር ለመያዝ ግሩም ነው፣ ሲለቀቅ ግን እንደ ተፈጥሮ ጎማ ፈጥኖ አይመለስም። በዚያ ላይ በኛ ውርጭ ይደነድናል። ስለዚህ የተፈጥሮ ጎማ ገዝቼ፣ የወይራ ባላዬ ላይ አስሬ፣ ትንሽ ስንጥቅ ካየሁበት ወዲያው እቀይራለሁ። ተበጥሶ ፊት ላይ የሚመለስ ጎማ ዓይን ያጠፋል። መነፅር ሳላደርግ አልጎትትም፣ የእህቴንም ልጅ አላስነካውም።

እሱ አሁን «አጎቴ፣ የሚበር ኢላማ እንሥራ» ብሎ ይዞኛል። ገል ከእጅ ሲወረወር ይገለበጣል፣ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ጠርዙ ወፈር፣ መሐሉ ሳሳ ያለ ክብ ከጭቃና ከጭድ እየሞከርን ነው። ክብደቱ ጠርዙ ላይ ሲሆን እየተሽከረከረ ሳይገለበጥ ይሄዳል። ለዚህ ግን ጓሮው አይበቃም። እህሉ ከታጨደ በኋላ ከብትም እረኛም የማያልፍበት ሜዳ ካገኘን፣ ወርዋሪው እሱ ነው።