ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆን ላፕቶፕ፦ ከአዲሱ ርካሽ ያገለገለው ጠንካራ

ለአራትና አምስት ዓመት ትምህርት ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ርካሽ አዲስ አትግዙ። ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተሠራ ያገለገለ ማሽን ፈልጉ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ ሦስቱም ባለ 14 ኢንች ናቸው፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ናቸው፣ ክብደታቸውም ከ1.4 እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ ነው።

ምክንያቱ ውስጣቸው ነው። ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከማጠፊያው ነው። የማጠፊያው ብሎኖች የሚታሰሩት ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትናንሽ የናስ ቀለበቶች ላይ ነው። ክዳኑ በአንድ ጥግ እየተያዘ በተከፈተ ቁጥር ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና ቀለበቱ ከነብሎኑ ይነቀላል። ከዚያ ስክሪኑን ስትከፍቱ የታችኛው ሽፋን አብሮ ይነሳል፤ በሙጫ ቢያያዝም ብዙ አይቆይም። ከዚህ በተጨማሪ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ያላቸው አዲስ ማሽኖች ብዙዎቹ ራማቸውም ማከማቻቸውም ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው። ዊንዶውስና አፕዴቱ ብቻ 64ቱን ጊጋ ሊሞሉት ይደርሳሉ፣ መቀየር ግን አይቻልም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው፤ ኤስኤስዲያቸውም (ማከማቻው) በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይቀየራል። ለጽሑፍ ሥራና ለአሳይመንት 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃል። አውቶካድ ወይም አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚጠቀም ተማሪ ግን 16 ጊጋ ያስፈልገዋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ዶርም ለሚኖር እኔ የምመርጠው ቲ480ን ነው። ሁለት ባትሪ አለው፦ አንዱ ውስጥ የተገጠመ ባለ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ)፣ ሌላው ከሥር በእጅ የሚወጣ። የሚወጣው ባትሪ ባለ 24፣ ባለ 48 ወይም ባለ 72 ዋት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ የውጩን ባትሪ አውጥታችሁ ሌላ መክተት ትችላላችሁ፤ የውስጡ ይይዘዋል። ደካማ ጎኑ ቻርጅ የሚያደርገው በታይፕ ሲ ብቻ መሆኑ ነው። ሶኬቱ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ቢጎተት ጥገናው ውድ ነው። በዚያ ላይ ታይፕ ሲውን የሚቆጣጠረው የተንደርቦልት ሶፍትዌር ካልታደሰ ታይፕ ሲው ሥራ የሚያቆምበት የታወቀ ችግር አለበት። ስለዚህ እንደገዛችሁ ከሌኖቮ ድረ ገጽ አፕዴቱን ጫኑ።

ሻጭ «ኮር አይ 5 ነው» ሲላችሁ የፕሮሰሰሩን ጄነሬሽን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ጠይቁ። የ7ኛው ጄነሬሽን አይ 5-7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ የ8ኛው አይ 5-8250ዩ ግን አራት አለው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ያለው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስቲከሩን አትመኑ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አባውት» የሚለው ላይ እዩ።

ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መድቡ። መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፤ ሲነሳ የምትጫኑት ቁልፍ ለቲንክፓድ ኤፍ1፣ ለዴል ኤፍ2፣ ለኤችፒ ኤፍ10 ነው። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። ከዚያ በስልካችሁ ኢንተርኔት እያገናኛችሁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንዲጭን ጠይቁት። ሲጀምር የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቃችሁ ማሽኑ ከድርጅቱ ቁጥጥር አልወጣም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አትውሰዱት።

ባትሪውን ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» (powercfg) ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ አስገቡና «ባትሪሪፖርት» (batteryreport) ብላችሁ አስከትሉ። የሚወጣው ገጽ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ያሳያል። 60,000 የነበረው አሁን 42,000 ከሆነ 70 በመቶ አቅሙ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ይህ ደህና ነው። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሱ። የተቀየረ ርካሽ ባትሪ ቁጥሩን አሳምሮ ሊያሳይ ስለሚችል ቻርጀሩን ነቅላችሁ 20 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱበት፤ በዚያ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከተወዛወዘ፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠና አልጫን ካለ፣ ውስጡ ያለው ባትሪ አብጧል፤ ይህ አደገኛ ነው።

ስክሪኑን ከታች ወደ ላይ ተመልከቱት። ቀለሙ ከጠቆረና ከተገለበጠ ርካሹ ዓይነት ነው፤ 1920 በ1080 አይፒኤስ (ከጎንም ከታችም ሲታይ ቀለሙ የማይገለበጥ) የሆነውን ጠይቁ። ያው ሞዴል በሁለቱም ስክሪን ስለሚመጣ የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። ኪቦርዱን ኖትፓድ ከፍታችሁ ቁልፍ በቁልፍ ሞክሩ፤ አማርኛ ስትጽፉ ሺፍት ብዙ ስለሚያስፈልጋችሁ ሁለቱንም ሺፍቶች አትርሱ።

ቻርጀሩ 65 ዋት መሆኑን አንብቡ። የዴል ቻርጀር መሰኪያ ጫፍ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ መብራት ቢያገኝም ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ይዘገያል። ብዙ ሰው ይህን የማዘርቦርድ ችግር እየመሰለው ለጥገና ይከፍላል፤ መጀመሪያ በሌላ ዋና ቻርጀር ሞክሩ።

ቦርሳ ውስጥ ስትከቱት ቻርጀሩን ከክዳኑ በኩል አታድርጉ፤ ጠጣሩ ሳጥን ስክሪኑን ይጫነውና ይሰነጥቀዋል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ሲመለስ የመጀመሪያው ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ።