አንዲት ቢጫ መስመር

አምና ጥር ላይ መንዝ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ገብስ ሰብሳቢ ማኅበር የደረሰኝ ፕሮግራም ሠራሁ። ኤፍ ሻርፕ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የጻፍኩት። ቋንቋውን እወደዋለሁ። አንዱን የገብስ ዓይነት ብዘነጋ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ያስታውሰኛል።

የመጋዘኑ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔትም የለውም። እዚያ ሄጄ ኤፍ ሻርፕ የሚሮጥበትን ዶትኔት ከምጭን ብዬ ኔቲቭ ኤኦቲን መረጥኩ። ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሮ በፋይል ያወጣዋል። ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ አወጣሁት። ከታች አንዲት ቢጫ መስመር ነበረች፤ አይኤል3053፣ የቋንቋው መሠረታዊ ላይብረሪ ኤፍ ሻርፕ ኮር ማስጠንቀቂያ አለው ትላለች። ኮዱ ላፕቶፔ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲሠራ ስለሰነበተ አለፍኳት።

መጋዘኑ ደርሼ ፍላሹን ሰካሁ። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ይዘው ሚዛኑ ዙሪያ ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ፕሮግራሙ ድርግም አለ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ያው ነው። መጋዘን ያዡ ጋሼ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ለዛሬ በእጅ እንጽፋለን" ብለው ካርኒያቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ሰው በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ሲጠብቅ ማየት ከበደኝ።

ማታ ማስጠንቀቂያዎቹን በአንድ መስመር የሚጠቀልለውን ትሪመር ሲንግል ዋርን የተባለ ቅንብር አጠፋሁት። ያቺ አንዲት መስመር ተዘርግታ ስክሪኑን ሞላችው። ጥፋቱ የገብሱን ዓይነት በማትምበት ምልክት፣ "%ኤ" ላይ ነበር። እሱ የሚሠራው በሪፍሌክሽን ነው፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ የዓይነቱን ውስጥ ይፈትሻል። ላፕቶፔ ላይ የጎደለውን ኮድ ጂት የተባለው የዶትኔት ክፍል እዚያው ይፈጥርለታል። ኔቲቩ ፋይል ውስጥ ግን ጂት የለም፤ ኮዱ ውስጥ በግልጽ ያልተጠራ ነገር ደግሞ ገና ሲወጣ ሊቆረጥ ይችላል። የሞከርኩት አንዱን፣ የወሰድኩት ሌላውን ነበር። አሁን የምፈትሸው የሚጫነውን ፋይል ራሱን ነው።

ዓይነቶቹን አንድ በአንድ በሚለየው በማች ትእዛዝ ለየዓይነቱ ስሙን የሚመልስ ፈንክሽን ጻፍኩ። ዳታው የሚጻፍበት ጄሰን የተባለው ቅርጽ የበለጠ አደከመኝ። ይህን ኮድ በሲ ሻርፕ ቋንቋ የሚጽፈው ኮድ አመንጪ ለኤፍ ሻርፕ ስለማይሠራ እያንዳንዱን መስክ በእጄ ጻፍኩት።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ማተሚያው "ጥቁር ገብስ፣ 62 ኪሎ" ብሎ አወጣ። ጋሼ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አነበቡት። ከዚያ ለባለቤቱ ሰጡና ቀጣዩን ጆንያ ጠሩ።