እዚህ ትምህርት ቤት ውሻ የለም?

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ልጆች የትኛውን መጽሐፍ እንደሚወዱ ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልገውም። የመጽሐፉን ጠርዝ ማየት ይበቃዋል። የተወደደ መጽሐፍ ጀርባው ይላላል፣ ማዕዘኑ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይም የዳቦ ፍርፋሪ አይጠፋም። በእኛ መደርደሪያ ላይ ንጹሕ እንደሆኑ ከሚከርሙት መካከል ብዙዎቹ ስለ ትምህርት ቤት የተጻፉት ናቸው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ልጅ ቀኑን ሙሉ የዋለበትን ነገር ደግሞ በመጽሐፍ ምን ሊያደርግለት?» ይላሉ። እኔ ግን ምክንያቱን ከአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሰምቻለሁ።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከክፍሉ ልጆች በቁመትም በዕድሜም ይበልጣል። የመጣው ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ለጎንደር ብርቅ አይደለም። እንደ በአታ ቤተ ክርስቲያን ያለ የአቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ) ጉባኤ ባላት ከተማ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ ወደ ዘመናዊው የሚሻገር ልጅ ሁልጊዜም ይኖራል። መጀመሪያ ከክፍሉ ጋር ሲመጣ «የኔታ» ብሎ ጠራኝ፤ ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። እኔ በበኩሌ ሹመቱን ወድጄዋለሁ።

በንባብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው። የአማርኛ መምህርቷ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው እያንዳንዱ ልጅ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ ይመዘግባሉ። የእርሱ ተራ ሲደርስ መጽሐፉ ማዶ በተቀመጠችው ልጅ ፊት ተዘርግቶ ነበር። ወደ ራሱ ሳያዞረው ጀመረ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የቃሉን መጨረሻ አንዴ ያነሣል፣ አንዴ ይጥላል። የግዕዝን ንባብ ተነሽና ወዳቂ ለይቶ ማንበብ የለመደ አንደበት ነው። ልጆቹ መሳቅ ሲጀምሩ መምህርቷ ሰዓቱን አቆሙ።

«አላነበብህም» አሉት። «መጽሐፉ እኮ ተዘቅዝቋል። በቃልህ ሸምድደህ ነው።»

ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ምንባቡ ሳምንቱን ሙሉ በክፍል ሲነበብ የሰነበተ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ደግሞ አንድ ሁለቴ የሰማውን አይለቅም። ልጁ አልተከራከረም። አቀርቅሮ ጣቱን መጽሐፉ ላይ እንዳስቀመጠ ዝም አለ። ጣቱ ግን ያቆመበት መስመር ላይ ነበር።

ገና ወደ መዝገብ ካላስገባሁት ካርቶን አንድ መጽሐፍ አወጣሁ። ማንም አላየውም። ጽሑፉ ወደ እኔ እንደዞረ ልጁ ፊት ዘረጋሁና «እስቲ ከዚህ» አልኩት። አነበበው፤ የተደናቀፈው «ብስክሌት» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው። ታሪኩ አንዲት ሕፃን መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባችበትን ቀን የሚተርክ ነው። አዲስ ቦርሳ፣ አበባ የሞላው ግቢ፣ ፈገግ ያለች መምህርት፣ ከረሜላ። ገጹን ጨርሶ ቀና አለና፦

«የኔታ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ውሻ የለም?»

በዚህኛው ሳቅ እኔም መምህርቷም ነበርንበት። ልጁ ግን የምሩን ነበር የጠየቀው።

በዕረፍት ሰዓት አስቀምጬ አጫወትኩት። በቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር ዘንድ አንድ ዳዊት ለአራት ተማሪ ነበር። ትልልቆቹ ከመጽሐፉ ግርጌ ይቀመጣሉ፤ ትንሹ እርሱ ስለነበር ቦታው ከራስጌው ነው። ስለዚህ ንባብ ሲማር ፊደሉን የሚያውቀው ተዘቅዝቆ ነው። ወደዚህ ከመጣ በኋላ ያስቸገረው መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነበር። ውሻው ደግሞ ግልጽ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የለመነ የቆሎ ተማሪ ውሻን ከትምህርት ቤት ለይቶ አያየውም። የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ ባልቴት ትኩስ እንጀራ እንደምትሰጥ ማወቅ ከትምህርቱ እኩል የሚጠና ነው። በጨለማ ተሰብስቦ በቃል ማጥናቱም እንዲሁ የዚያ ትምህርት ቤት ኑሮ ነው።

ከዚያ በኋላ መደርደሪያዬን በሌላ ዓይን አየሁት። የዚህ ልጅ ትምህርት ቤት በመጻሕፍት ውስጥ የለም ማለት አይቻልም፤ አለ፤ የተቀመጠው ግን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አሳልፎ ነው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ አድርጎ የሚያመጣው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ተነሥተው ወደ ዘመናዊው የተሻገሩ ሰው ናቸው። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ጽፈው ያቆዩልን ስለ ጥንቱ የትምህርት ኑሮ ብዙ ያስተምራል። ለአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ሁለቱም ገና ሩቅ ናቸው። እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ሌላ ነው። አንድም ልጅ አይርበውም፣ የከሰዓት ፈረቃ ፀሐይ አያቃጥለውም፣ የክፍል አለቃ ስሙን ከረባሾች ተራ አይጽፈውም። የምዝገባ ማስታወቂያ እንጂ ታሪክ አይመስልም። ደራሲዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ለልጅ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ልጁን እንዲያርም ከጸሐፊው የምንጠብቅ እኛ ነን። (ፋሲል ግቢ ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ቆሞ ይታያል፤ ልጆቻችን ለጉብኝት ይሄዱና ከሕንፃው ፊት ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ስለ መጻሕፍት የምንነግራቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል።)

ገንዘብ አልነበረንም፤ ወረቀትና ወፍራም ክር ግን ነበረን። ልጆቹ በምሳ ሰዓት እየመጡ ትምህርት ቤታቸውን እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ምክር መጻፍ ክልክል ነው። ይህ ደንብ ከተጠበቀው በላይ ከበዳቸው። መጀመሪያ የመጡት ወረቀቶች ሁሉ «ስለዚህ ተግተን መማር አለብን» ብለው ያልቁ ነበር፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በመቀስ እየቆረጥኩ መለስኩላቸው። ቆይቶ እውነተኛው ነገር መውጣት ጀመረ። አንዲት ልጅ ስሟ ከረባሾች ዝርዝር እንዲጠፋላት ለክፍል አለቃው እርሳሷን እንደሰጠች፣ እርሱም እርሳሷን ተቀብሎ ስሟን በዚያው እርሳስ መልሶ እንደጻፈው ጻፈች። ከአዘዞ የሚመላለስ ልጅ የታክሲ ረዳቱን የተረተበት ገጽ አለ፤ እስከ ዛሬ ሳነበው ያስቀኛል። የእኛ ሰው ደግሞ ውሾቹን በየስማቸው ዘረዘራቸው። ቀጥሎ የንባቡን ቀን ጻፈ፦ «አነበብኩ። አላነበብህም አሉኝ። ሁሉም ሳቁ።»

ረቂቁን ርእሰ መምህሩ ሲያዩት የከበዳቸው ይህ ገጽ ነው። «ተቆጣጣሪ ቢያየውስ? መምህርቷንስ ምን እንላቸዋለን?» አሉ። ልክ ነበሩ፤ የሰው ስም ባይጠቀስም ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱን ለራሳቸው ለመምህርቷ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ፤ እንደገና ተቀምጠው አነበቡ።

«ይግባ» አሉ በመጨረሻ። «ግን የፊደል ስህተት እያለው አይታሰርም።» ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው አረሙት፤ «ሕፃን» ብሎ የጻፈውንም «ህጻን» አደረጉት።

ወረቀቱ ሲመለስለት ልጁ ወደ እርሳቸው ወሰደው። «ይህ በሐመሩ ሐ፣ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው» አላቸው፤ ከዚያ ፈራና «የኔታ እንዲያ ነው ያስተማሩኝ» ብሎ ጨመረ። መምህርቷ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ። ልጁ ልክ ነበር። በቀይ የተጻፈውን ሰርዘው፣ በሰማያዊ «ሕፃን» ብለው ጻፉና ስማቸውን ከጎኑ ፈረሙበት። ገጹ ከነስርዙና ከነፊርማው ታስሯል፤ መጽሐፉን ለመዋስ ወረፋ አለ፤ ጀርባውም ከወዲሁ መላላት ጀምሯል።