ፋ ላይ የሚንገዳገደው ክፍል

የክረምት ተማሪ ነኝ። በጋውን እነማይ ወረዳ ውስጥ አስተምራለሁ። ሐምሌ ሲገባ ፍራሼንና ላፕቶፔን ተሸክሜ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ዶርም ውስጥ ያለነው ሁላችንም መምህራን ነን፤ ሁላችንም ከሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ጋር ግብግብ ገጥመናል። አንዱ የሒሳብ ውጤት ለምን ወደቀ እያለ ይጠይቃል። አንዱ የርእሳነ መምህራንን አመራር ይዟል። የእኔ ርእስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሙዚቃ ትምህርት ነው ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። "በዘፈን ልትመረቅ ነው?" ይሉኛል። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሚያወራው የሌለው ሰው የለም። አንዱ ከብት እየጠበቀ ዋሽንት ይነፋ ነበር። አንዷ ከወንዶቹ ጋር ሆያ ሆዬ ካልጨፈርኩ ብላ ተገርፋለች። መጻሕፍቱን ዘግቼ እነሱን ስሰማ አመሻለሁ።

ጽሑፉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ርእሱ "ፕራክቲስስ ኤንድ ቻሌንጅስ" ብሎ ይጀምርና "ኢን ዘ ኬዝ ኦፍ" ብሎ ወረዳውን ጠርቶ ያበቃል። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የመመረቂያ ጽሑፎቹን መደርደሪያ ብታዩ ያው እሱው ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ችግሮቹ ይደረደራሉ። መሣሪያ የለም። የሠለጠነ መምህር የለም። ክፍለ ጊዜው አይበቃም፣ ያችኑም የሒሳብ መምህሩ ለማካካሻ ይወስዳታል። ወላጅ አይደግፍም። ሁሉም እውነት ነው። እኔም መጠይቅ በትኜ የሰበሰብኩት ይህንኑ ነው፤ "በጣም እስማማለሁ" የሚለው ሳጥን በምልክት ተጥለቅልቋል። ግን "የለም፣ የለም" እያለ የሚቆጥር ጥናት ያለውን መቼ ያየዋል? ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ጎረቤት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትምህርቱ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት "ክወናና ዕይታ ጥበባት" ይባላል። ሙዚቃውም ቴአትሩም ሥዕሉም አንድ ላይ የታጨቀበት ነው። እኛ መምህራን አሁንም ኤስቴቲክስ እያልን ነው የምንጠራው። መምህርቷ የተመረቀችው በስፖርት ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር በማስመሪያ አሰመረች። ከመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠውን ምልክት፣ የሶል ቁልፍን፣ ከመጽሐፉ እያየች ሣለች፤ እንደ ጆሮ ጉትቻ የተጠማዘዘ ነገር ወጣላት። ከሥሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላ ጻፈች። ኪቦርድ የለም፣ ክራር የለም። ድምፁን የምትሰጠው በአፏ ነው። ልጆቹ ተቀበሏት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ጥርት ብሎ ወጣ። ፋ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ተንገዳገደ። ግማሹ ሚ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ዘሎ ሶል ላይ ወጣ። ደገመችላቸው። ያው። አሁንም ደገመችላቸው። ያው። "ኧረ ጆሯችሁን ክፈቱ!" አለች ተማርራ።

የምልከታ ቅጼ ላይ "ተማሪዎች ድምፅን የመለየት ችሎታቸው" የሚል ሳጥን አለ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ባዶውን ተውኩት።

ምክንያቱም ከአገራችን ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ ትዝታ ሜጀርን ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ። ፋም ሲም የሉበትም። እነዚህ ልጆች በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ሳለ ጀምሮ የሰሙት እንጉርጉሮ፣ ሠርግ ላይ የጨፈሩበት ዘፈን፣ ከሬዲዮ የሚወጣው ማሲንቆ ሁሉ የሚሄደው በቅኝት ነው። ሚ ካሉ በኋላ ወደ ሶል መዝለላቸው ጆሮ ስለሌላቸው አይደለም። እንዲያውም ጆሯቸው በደንብ ስለተገራ ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ መድኃኒቱ እዚያው ቅኝት ውስጥ መገኘቱ ነው። ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ትዝታ የተወውን ፋንም ሲንም ባቲ ይዟቸዋል። ይህን ከክፍል ስንወጣ ለመምህርቷ ነገርኳት። "እስቲ በባቲ በልልኝ" አለችኝ። ማሲንቆዬ አብሮኝ ነበርና ስታፍ ሩም ውስጥ ተቀምጬ አልኩላት፤ ሻይ የሚጠጡት መምህራን ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ መጀመሪያ ባቲን ያለ ቃል እንዲያንጎራጉሩ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ፋን ነጥላ ለማስያዝ ሞከረች። ሁሉም አልያዙትም። መስኮቱ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ግን እግሯን እያወዛወዘች ፋን ያዘችና አልለቅም አለች። አጠገቧ ያሉት አንድ በአንድ ወደ እሷ ድምፅ መጡ። ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፤ አሁንም እየደጋገምኩ እሰማዋለሁ።

የሰንደቅ ዓላማ ሰዓቱስ? ትምህርት ቤት ውስጥ በየማለዳው የማይቀር የሙዚቃ ዝግጅት ቢኖር እሱ ነው። ሰለሞን ሉሉ ዜማውን የሠራውን ብሔራዊ መዝሙር ልጆቹ ያለ ምንም መሣሪያ ይዘምሩታል። የድምፁን ከፍታ የሚወስነው አስጀማሪው ነው። ብርድ ያቆራመደው ልጅ ከፍ አድርጎ ከጀመረው መጨረሻው ጩኸት ነው፤ ዝቅ ካደረገው ደግሞ ትንንሾቹ እንደ ንብ ይተማሉ። ጥሩ አስጀማሪ ያለው ትምህርት ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። መጠይቄ ውስጥ ስለዚህ አንድም ጥያቄ አልነበረም። እኔ ያዘጋጀሁት ቢሆንም ናሙናው የተሰጠኝ ከላይ ነው።

ጎጃም ውስጥ ስለ ዜማ ትምህርት እየጻፉ የኔታን መዝለል ደግሞ እንዴት ይሆናል? ዲማ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ሲባል ቅኔ ነው የሚታወሰን፤ ግን የቅኔ ተማሪ ሁሉ ዜማ አብሮት አለ። አራተኛ ክፍል ውስጥ ካሉት ወንዶች አንዳንዶቹ ዲያቆናት ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ጠዋት ቅዳሴ ላይ የዜማ ስልቶቹን፣ ግዕዙንና ዕዝሉን፣ ሳያምታታ ያዜማል። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቶ ሙዚቃ አይችልም ይባላል፤ ሪፖርት ካርዱ ላይ ማለፊያ ቢጤ ይጣልለታል።

አንድ የኔታ ዘንድ ሄጄ "ልጁ የዜማ ምልክቱን የሚማረው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "አፉ ይያዘው እንጂ ልጄ፣ ምልክቱ የት ይሄዳል" አሉኝ። ምልክቶቹ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ድፋት ናቸው፤ ከፊደሉ በላይና በታች በደቃቁ ይጻፋሉ። ከነሱም ጋር ከሌላ ዜማ ቃል የተቆነጠሩ ፊደላት አሉ። ሥርዓቱን ያጸኑት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። አምስቱ መስመር ላይ የተጻፈን ዜማ ሰምቶት የማያውቅ ሰው፣ ማንበብ እስከቻለ ድረስ፣ አንብቦ ያወጣዋል። የዜማ ምልክት ግን እንዲህ አይደለም። ከአፍ ለተማረው ሰው ያስታውሰዋል፤ ላልተማረው ዝም ነው። ስለዚህ የኔታ ቤት ጆሮና አፍ ይቀድማል፣ ምልክት ይከተላል። እኛ ክፍል ውስጥ ገልብጠነዋል። ልጁ አንድ ዜማ ሳያወጣ የሙሉ ኖታና የግማሽ ኖታ ልዩነት ይጠየቃል፤ ምርጫ "ሀ" እና ምርጫ "ለ" ተብሎ።

የኔታን ሳወድስ አርጩሜውን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። የሴቶቹም ነገር አለ። ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት ያፈራ አገር ነው። እሳቸው የታወቁት ግን እንዲህ ያለች ሴት ብርቅ ስለሆነችም ጭምር ነው። መስኮቱ ጥግ ያለችው ልጅ የኔታ ቤት አትቀመጥም። ለእሷ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ነው። ለዚህ ነው "የቤተ ክህነቱን ተዉልን፣ ዘመናዊው ይቅር" የሚለው ክርክር የማይጥመኝ።

ወላጆችን ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ብዙዎቹ በጨዋ ደንብ መለሱልኝ። አንድ አባት ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ "አዝማሪ እንዲሆን አይደለም የላክሁት።" አልተከራከርኳቸውም። ማሲንቆ ያስተማሩኝ ቢቸና ገበያ የሚጫወቱ አያ ናቸው፤ አባቴ እሳቸው ጋ መሄዴን ሲሰማ ምን እንዳለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እኚያው አባት ጥቂት ቆይተው፣ ሠርጋቸው ላይ የተጫወተውን አዝማሪ ግጥም አንድ ሳይቀር በቃላቸው አወረዱልኝ። ሰሙን ሲሉ ሳቁ፣ ወርቁን ሲነግሩኝ ግራና ቀኙን አዩ። እናቴም ብትሆን ስለ ቀበሌ የኪነት ቡድን ስታነሳ ዓይኗ ይበራል። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ሁሉ ኪነት ነበረው፤ የግሽ ዓባይ ኪነትማ የጎጃም መኩሪያ ነበር። ፖለቲካው ቢሰለችም መድረኩ ልጆች አውጥቷል። እስክስታውን አሁንም ታሳየናለች፣ ጉልበቷ እሺ ካላት። ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ፤ ማይክሮፎኑ ሲሠራ።

ባለፉት ዓመታት እኛ አካባቢ ትምህርት ራሱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ መሐል ስለ ፋ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ተመልሰው የመጡት ልጆች ግን መጀመሪያ ቀን ያደረጉት ነገር ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ማጨብጨብ ነበር። ደብተር ገና አልታደለም ነበር።

አማካሪዬ ዶክተር ናቸው፤ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሰዓት ያከብራሉ። ቀረጻዎቹ ምዕራፍ አራት ውስጥ እንዲገቡ እፈልጋለሁ አልኳቸው።

"ዳታህ የታለ?" አሉኝ።

"ቀረጻው ነው፣ ዶክተር።"

"ቀረጻ አባሪ ነው እንጂ ዳታ አይደለም። መጠይቅህን ተንትንና ጨርስ።"

ስልኬን አውጥቼ የባቲውን ቀን ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ልጅቷ ፋን ስትይዝና ሌሎቹ ሲከተሏት ብዕሩን አስቀመጡ። "መልሰው" አሉኝ። መለስኩት። ከዚያ ወጣ ያለ ነገር አልተናገሩም። አንድ ገጽ ብቻ እንድጨምር፣ ቅኝቶቹን በሰንጠረዥ እንዳሳይ፣ የክፍሉን ድምፅ በቃላት እንድገልጽ ተስማማን። ድምፅን በቃላት መግለጽ ምን ያህል እንደሚያደክም ከትናንት ጀምሮ እያየሁት ነው። "ተንገዳገደ" ከሚለው የተሻለ በእንግሊዝኛ አላገኘሁለትም፤ ያገኘሁት ሁሉ ልጆቹን የሚወቅስ ነው።

የዲፌንሱ ቀን ማሲንቆዬን ይዤ እገባለሁ። ሦስቱ ፈታኞች ፊት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋን እላለሁ፣ ከዚያ ትዝታን፣ ከዚያ ባቲን። እነሱም እንዲቀበሉኝ እጠይቃለሁ። ፋ ላይ የት እንደሚደርሱ ማየት እፈልጋለሁ። ለዶክተር ስነግራቸው ሳቁና "ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" አሉኝ። አምስት ብያቸዋለሁ። ማሲንቆው እስኪቃኝ ራሱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።