ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጠዋት ስወጣ የቤቱን ቁልፍ በክር አድርጌ አንገቱ ላይ አንጠለጥልለታለሁ። ትምህርት ቤት 9 ሰዓት ይለቀቃል፣ እኔ ቤት የምደርሰው 12 ካለፈ በኋላ ነው። መሃል ላይ ሦስት ሰዓት አለ። ያንን ሦስት ሰዓት ልጄን የማሳድገው በስልክ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

"ደረስክ?" "ደረስኩ።" "በሩን ቆለፍክ?" "ቆለፍኩ።" "ምን እየሠራህ ነው?" "ምንም።"

ይቺ "ምንም" የምትለዋ መልስ ናት አንጀቴን የምትበላው። ምንም ማለት ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል፣ እሳት ሊሆን ይችላል፣ መስኮት ላይ ወጥቶ መንገድ ማየት ሊሆን ይችላል። ከ9 ሰዓት በኋላ ወንበሬ ላይ ብቀመጥም ሥራ ላይ አልነበርኩም። ቁጥር እሳሳታለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ጠይቆኝ ጥያቄውን ያልሰማሁበት ቀን ብዙ ነው፣ አለቃዬ ደግሞ ስንፍና መስሎት ነበር፣ እኔም ላስረዳው አልሞከርኩም፤ "ልጄ ቤት ብቻውን ነው" ብሎ መናገር እንደ ጥፋተኛ ያደርጋል።

ብዙ ቆይቼ ነው ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት። ጃፓኖች ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ "የአንደኛ ክፍል ግድግዳ" ይሉታል። ልጁ ሕፃናት ማቆያ እያለ እስከ ምሽት ድረስ የሚጠብቀው ሰው አለ። ልክ አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይለቅቀዋል፣ የእናትየው የሥራ ሰዓት ደግሞ ያው ነው። አንዳንዷ ሥራዋን ወደ ግማሽ ቀን ትቀይራለች፣ አንዳንዷ ጭራሽ ትለቃለች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጅ ሲያድግ ይቀላል ያለኝ ሁሉ ዋሽቶኛል ማለት ነው።

በኋላ ትምህርት ቤቱ አፍተር ስኩል የሚሉትን ፕሮግራም ጀመረ። እኔም ለመመዝገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ የፈለግኩት አስጠኚ ነበር። ሒሳብ ላይ ደከም ይላል፣ እዚያው ያጠናሉኛል፣ እግረ መንገዱንም ሰው ይጠብቀዋል፣ በቃ። ሲያስረዱን ግን መጀመሪያ ትንሽ ያርፋሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት የቤት ሥራ፣ ቀሪውን ጊዜ ልጁ የመረጠውን ይሠራል አሉን። ስዕል፣ ኳስ፣ ቼዝ፣ ድራማ። ሆዴ ውስጥ "ለጨዋታማ ሰፈርም አለ" አልኩ። አፌን ዘግቼ ፈረምኩ። አማራጭ አልነበረኝማ።

ሁለት ወር ያህል እንደሄደ፣ አንድ ቀን ልወስደው ስደርስ ልጆቹን የምትይዘዋ ወጣት ወደ እኔ መጣች። "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ልጁ ኳሱን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው የሚመስለኝ። ዓይኑን አሳይተውት ያውቃሉ?" አለችኝ።

አላሳየሁትም። ለምን አሳየዋለሁ? ጤነኛ ነው። ለማንኛውም ወሰድኩት። ልጄ ሰሌዳ አይታየውም ነበር! ሙሉ ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር እየገለበጠ፣ እኔ "ሒሳብ አይገባውም" እያልኩ። መነጽር ካደረገ በኋላም የሒሳብ ሊቅ አልሆነም፣ አታስቡ። ግን ደህና ሆነ።

ይህን ጉዳይ ብዙ አስቤበታለሁ። አስተማሪው ለምን አላየም? ፊቱ ያን ሁሉ ልጅ ተደርድሮ፣ ክፍለ ጊዜው እያለቀበት፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ልጅ ማን ያያል። እኔስ? እኔ የማየው ማታ ነው፣ ደክሞኝ፣ እሱም ደክሞት፣ ልብስ አውልቅ፣ ታጠብ፣ ብላ፣ ተኛ። ያቺ ወጣት ግን ማርክ አትሰጠውም፣ እናቱም አይደለችም። ከእሱ ጋር ኳስ ትወራወራለች፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ስትወራወር ታየዋለች። ለእኔ የእነዚህ ሰዓታት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን ከማይቆጣውም ከማይፈትነውም ቦታ ሆኖ የሚያውቀው ሦስተኛ ትልቅ ሰው ያገኛል። አስጠኚ ቢቀጥሩልኝ ኖሮ መጽሐፉን ዓይኑ ሥር አድርጎ ያስጠናልኝ ነበር፣ እኔም እስካሁን ላላውቅ እችል ነበር።

ስለ ጨዋታውም ቢሆን ተሳስቼ ነበር። ሪድ ላርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ታዳጊዎች ጥሪ መቀበያ መሣሪያ ይዘው እንዲውሉ ይደረጋል፣ በዘፈቀደ ሰዓት ይጮኻል፣ ልጁ ያን ጊዜ ምን እየሠራ እንደሆነና ምን እየተሰማው እንደሆነ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ላይ ላርሰን ያሳየው ነገር ደስ ይላል። ክፍል ውስጥ ልጆች ሐሳባቸውን ይሰበስባሉ፣ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ከጓደኛ ጋር ሲሆኑ ልባቸው አለ፣ ሐሳባቸው ግን አይሰበሰብም። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙት ወደው በገቡበት እና ሥርዓት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ስፖርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ክበብ። ወዶ መልፋትን የሚለምዱት እዚያ ነው ማለት ነው። እኔ "ጨዋታ" ብዬ የናቅኩትን።

ታዲያ ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ ነው? ኧረ በፍጹም። ቤት ስንቀይር ልጄን ሌላ ቦታ አስገባሁት። ስም አልጠራም። ብሮሹሩ ያማረ ነው፣ "ውጤት እናሻሽላለን" ይላል። ውስጡ ግን ልጆቹ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ተደርድረው ወረቀት ይሞላሉ። አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ይሰጣቸዋል። የሚጠብቃቸው ሰውዬ ስልኩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለዋለ ልጅ ሌላ ወንበር! በሦስተኛው ሳምንት ልጄ "እማዬ፣ ቁልፉን መልሽልኝ" አለኝ። ብቻዬን መሆን ይሻለኛል ማለቱ ነው። በነጋታው አስወጥቼ ሌላ ፈለግኩለት።

ጥናቶቹም ወደዚሁ ያመለክታሉ። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ደርላክ፣ ሮጀር ዋይስበርግና ሞሊ ፓቻን እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ ሰብስበው መዝነዋል። የልጆች ማኅበራዊ ክህሎት ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች በጥሩ ሲያዙ ልጁ በራሱ ላይ ያለው እምነት፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለው ቅርበት፣ ውጤቱም ሳይቀር ይሻሻላል። ልዩነት የሚያመጣው አሠራሩ ነው፤ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ማስለመድ፣ ልጁ በእጁ እየሠራ መማሩ፣ በቂ ጊዜ መስጠት፣ ምን እንዲለምድ እንደተፈለገ ግልጽ መሆኑ። ይህን የማያደርጉት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ስሙ "ፕሮግራም" ስለተባለ ብቻ አይሠራም።

ከዚያ በፊት ደግሞ በ2003 (ይህም በእነሱ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ መንግሥት የሚደግፋቸው ማዕከላት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት በትምህርት ውጤት ላይ ብዙም ለውጥ አላየም። መንግሥት ወዲያው በጀቱን ከ1 ቢሊዮን ዶላር ወደ 600 ሚሊዮን እንቀንስ አለ፣ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም እንጂ። እኔን የገረመኝ መለኪያው ነው። የዚያው ጥናት ቀጣይ ሪፖርት ላይ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ከትምህርት በኋላ ባለው ሰዓት የበለጠ ደህንነት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ለእናት ይህ ትንሽ ነገር ነው? ልጅህ አልፈራም እያለ አንተ ስለ ማርክ ታወራለህ።

ስለ ደህንነት ካነሳን አይቀር፣ ከወንጀል ጋር የሚያያይዙትም አሉ። እዚያው አሜሪካ የፖሊስ መዝገብ ሲታይ ታዳጊዎች የሚፈጽሙት የኃይል ወንጀል በትምህርት ቀን የሚበዛው ልክ ከትምህርት በተለቀቁበት ሰዓት አካባቢ ነው። ትምህርት በሌለበት ቀን ግን ወደ ምሽት ይሸሻል። ልጆችን ሁሉ ነገ ወንጀለኛ እንደሚሆኑ አድርጎ ማውራት ደስ አይለኝም። አብዛኛው ልጅ ማንንም አይነካም፣ እንዲያውም በእነዚያ ሰዓታት የሚጎዳው ራሱ ነው። ግን ሰዓቱ ሰዓት ነው። የሚያይ ሰው የሌለበት ሰዓት።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ የአይስላንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቻቸው 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው ወር ሰክረናል ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ምን አደረጉ? ልጆቹን ስለ መጠጥ ክፋት መስበኩን ቀነስ አድርገው ስፖርቱን፣ ሙዚቃውን፣ ጭፈራውን አስፋፉ፣ ደኅና አሰልጣኝ ቀጠሩበት፣ አቅም የሌለው ቤተሰብ እንዳይቀር ከተሞች ለክፍያው የሚውል ገንዘብ ለየልጁ መደቡ። ያ ብቻም አይደለም፤ ልጆች ማታ ውጭ የሚቆዩበትን ሰዓት በሕግ ገደቡ፣ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ጊዜ እንዲያሳልፉ ተስማምተው ፈረሙ። ስለዚህ "ኳስ ሜዳ ሥሩና ስካር ይጠፋል" እያልኩ አይደለም። ግን "አታድርግ" ብሎ እጁን ባዶ ከመተው፣ የሚይዘው ነገር መስጠት እንደሚሻል አይተነዋል።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1860 አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ የሚውሉ ወንድ ልጆችን ያዩ ጥቂት ሴቶች አንድ ክበብ ከፈቱ። ዛሬ በመላ አገሪቱ የተዘረጉት የወንዶችና የሴቶች ልጆች ክበባት የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከዚያ ነው። አዋጅ አልጠበቁም። ልጆቹን አዩና አዳራሽ ፈለጉ።

እና ሠፈሩስ ምን ያገኛል? እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆመን ልጆቻችንን ስንጠብቅ ነው ከጎረቤቶቼ ጋር የተዋወቅኩት። አንድ ግቢ እየኖርን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። አሁን ስታመም ልጄን የምትወስድልኝ አለች፣ እሷ ስትዘገይ እኔ እወስድላታለሁ። ቼዝ የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። "ቤት ውስጥ ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው" ብለውኝ ያውቃሉ። አሁን ልጆቹ ሲሸነፉ ሲያለቃቅሱባቸው፣ ሲያሸንፏቸው ሲፎክሩባቸው ይውላሉ። ከ9 ሰዓት በፊት መጥተው ሰሌዳ የሚደረድሩት እሳቸው ናቸው።

ገንዘቡ ላይ ግን ልቤ ይሰበራል። በጣም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ናቸው የማይገቡት። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ክፍያውን አትችልም፣ ብትችልም የመመዝገቢያው ቀን ያልፋታል። የቻሉ አገሮች መንገድ አበጅተውለታል። ስዊድን ክፍያው ከቤተሰቡ ገቢ ላይ በመቶኛ ይሰላል፣ ጣሪያም አለው። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2026 ጀምሮ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሙሉ ቀን የሚውልበት ቦታ ማግኘቱ በሕግ መብቱ እንዲሆን ወስናለች፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ይሄዳል። መብት! እኛ ደግሞ "ቦታ አለ?" ብለን በር እንለምናለን።

ሠራተኞቹም ነገር አላቸው። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ይሄዳሉ። የልጄን ዓይን ያየችው ወጣት በዓመቱ የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች። አልፈርድባትም። ግን ልጄ ለሁለት ሳምንት "መቼ ነው የምትመጣው?" እያለ ጠይቆኛል። ገንዘብ የሚመድብ ሰው ካነበበኝ፣ አዲስ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ለሰዎቹ ክፈሉ።

ልጅ ልታስገቡ ከሆነ ብሮሹሩን ተዉት። ሳይነግሯችሁ 11 ሰዓት ላይ ሂዱና በሩ ላይ ቁሙ። ጫጫታ አለ? ትልልቆቹ ሰዎች ከልጆቹ ጋር ናቸው ወይስ ጥግ ይዘው እርስ በርስ ያወራሉ? የልጆቹን ስም ያውቃሉ? ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቆየ ሠራተኛ አለ? ዝም ያለ ክፍል ካያችሁ እኔ ብሆን አላስገባም።

ልጄ አሁን 14 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ "የሕፃን ነገር ነው" ብለው ይቀራሉ። እሱም ሊቀር ነበር፣ አዛውንቱ "ትንንሾቹን ማን ያስተምርልኝ?" ብለው የቼዝ ሰሌዳ ሲያስይዙት ግን ቀጠለ። አሁንም ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፣ ልማድ ነው። "ምን እየሠራህ ነው?" ስለው አሁንም "ምንም" ነው የሚለኝ። ከጀርባው ግን አንድ ሕፃን "ማጭበርበር ነው! ፈረሴን መልስ!" እያለ ይጮኻል። "ቆይ እማዬ፣ እዚህ ጠብ አለ" ይለኝና ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል።