መግል ያልወጣው ጣት

የምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ናት። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ጥፍር ዙሪያቸው ካበጠና ከቀላ ሁለት ወር አልፏል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን የተባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ገዝታ ጨርሳለች፤ ለውጥ የለም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ተረኛው «መግል ይዟል» ብሎ የመሐል ጣቷን በምላጭ ከፈተው። የወጣው ደም ብቻ ነበር።

መግል እንዳልሆነ የሚናገረው ምልክት ግን ጣቷ ላይ ነበር። የጥፍር ዙሪያ እብጠት ድንገተኛም የቆየም አለ። ድንገተኛው ኢንፌክሽን በአብዛኛው አንድ ጣት ይይዛል፤ ጥፍር ከተነከሰ ወይም ጥግ ጥጉ ከተቆረጠ በኋላ በቀናት ውስጥ ይነሳል፣ ይጠዘጥዛል፣ መግሉ ከቆዳው ሥር ነጣ ብሎ ይታያል። መግል ከሌለው ጣቱን ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መግል ከቋጠረ መውጫው ይከፈትለታል፤ ያኔም ምላጩ በጥፍሩ ላይ ተጋድሞ ቆዳውን ከጥፍሩ ያላቅቃል እንጂ ሥጋ አይቆርጥም። ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ፊኛዎች ከታዩ ግን ሄርፐስ የተባለው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ጭራሽ በምላጭ አይነካም።

የእሷ ጥፍሮች አግድም ተሸንትረዋል፤ ጥፍርና ቆዳን የሚያሽገው ስስ ሽፋንም የለም። ሲስተር ይህን አይታ «እህቴ፣ ጓንት ታደርጊያለሽ?» አለቻት።

«አደርጋለሁ፤ ግን ተቀዷል፣ ውኃ ይገባበታል።»

የተቀደደ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ሳሙናውንና በረኪናውን ቆዳው ላይ አቁሮ ያውላል። ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ እንዲህ ያለ እብጠት በዋናነት የቆዳ ቁጣ ነው። ካንዲዳ ፈንገስ ቢገኝበትም ብዙውን ጊዜ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ አሞክሲሲሊን ምን ሊያደርግለት?

የተቆረጠው ከዳነ በኋላ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ቤታሜታዞን ቅባት በስሱ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ታዘዘላት። ከጎማው ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት፤ ጥጡ ሲረጥብ ወዲያው መቀየር፤ ከሥራ በኋላ እጅን አድርቆ ቫዝሊን። የስኳር ምርመራም ተደረገላት፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ቶሎ አይድንምና።

አሠሪዋ ለጊዜው ድንችና ሽንኩርት መላጥ ላይ ሊመድባት አሰበ። እሱም አይሆንም፤ እርጥበቱና ጭማቂው ያው ቆዳውን ያስቆጣል። ደረቅ ሥራ፣ መስተንግዶ ወይም ሒሳብ መቀበል ይሻላል። እብጠቱ በሳምንታት ሊቀንስ ይችላል፤ የተሸነተረው ጥፍር ግን አድጎ እስኪወጣ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል።