ውሃ የሚወርዱት ሌሊት ነው

በዱር እንስሳት ቆጠራ ቡድን ውስጥ መረጃ አጠናቃሪ ነበርኩ። ዱካ አንባቢያችን ጋሼ የሚነግሩን ሁሉ የሚጻፈው በቅጹ ጠርዝ ላይ ባለች ጠባብ «አስተያየት» ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ እሷ ትዘለላለች።

አንድ ወቅት የሚዳቋዎቹ ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ። አለቃችን ሪፖርቱን ሊልክ ሲል የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቶቹን አገላብጣ የጋሼን ቃል አነበበችለት፦ «ውሃ የሚወርዱት ሌሊት ሆኗል፤ መኪናችሁን ጠልተው ነው።»

አለቃችን ሳቀ። በተማርነው ትምህርት ለእንስሳ የሰው ስሜት መስጠት ነውር ነው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የአላስካን ታሪክ አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑፒያቶች ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ እንዳያድኑ ከለከለ። ከበረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው የሚቆጥሩት ተመራማሪዎች ከ2,000 አይበልጡም ብለው ነበር። አዳኞቹ በበኩላቸው ብዙው ከበረዶው ሥር፣ ከዳርቻውም ርቆ ያልፋል ብለው ተከራከሩ። በኋላ የድምፅ መቀበያ ውሃ ውስጥ ሲወርድ ዓይን ያላያቸው ተሰሙ፤ ግምቱም ብዙ እጥፍ አደገ። (አዳኞቹ ዓሣ ነባሪው ጭስ ይሸተዋል ይሉም ነበር። የቦውሄድ አንጎል ሲመረመር የማሽተት ክፍል ተገኝቶበታል።)

ጋሼም ቢሆኑ የሚዳቋን ልብ ሊተርኩልን ሳይሆን መቼና የት ማየት እንዳለብን ሊጠቁሙን ነበር። ውሃው ዳር በራሱ የሚያነሳ ካሜራ አቆምን። ሚዳቋዎቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይወርዳሉ፤ ቀን ግን አንድም የለ። ሆኖም ቁጥሩ የድሮውን ያህል አልሆነም፤ በከፊል በእርግጥ ቀንሰዋል። ስለዚህ ሪፖርቱ ሁለቱንም ይዞ ሄደ። ቅጹም ተለወጠ፦ «ምን አያችሁ» እና «ለምን ይመስላችኋል» ለየብቻ ይሞላሉ፣ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ባህላዊ እውቀት ይከበር እያሉ አዳራሽ ከማጨብጨብ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የተመዘገበ ነገር ይፈተናላ።

የመኪናውን ነገር ግን አለቃችን አልተወውም። መኪና ባልነበረባቸው ቀናትም የሚወርዱት ሌሊት ነበር። ይህንኑ ለጋሼ ሲነግራቸው፣ «መኪናው ሲሄድ ሽታው አብሮት ይሄዳል እንዴ?» አሉት።

ለመፈተን መኪናውን ራቅ አድርገን ማቆም ያስፈልጋል። ሹፌራችን የካሜራውን ባትሪ ማን ሊሸከም ነው እያለ እስካሁን ይከራከራል።